በራችን ላይ የበየድኩት ቃል

አስካለ ባለቤቴ ናት። ቤዛ ልጃችን ናት፤ ሌላ የለንም። ሸምሱ ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ጎረቤታችን ነው፤ ከቡታጅራ መጥቶ ሐና ማርያም ከሰፈረ ወዲህ የሰፈሩ ወሬ አንድም አምልጦት አያውቅም። ናሆም ቤዛን ሊያገባ የሚፈልግ ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፣ ብዙ አይናገርም፤ እዚህ ወሬ ውስጥም ብዙ አይናገርም። አቶ ደምሴ የናሆም አጎት ናቸው፤ ብስራተ ገብርኤል ይኖራሉ፣ ጡረታ እስኪወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፣ ሽምግልና ላይ ቃላቸው የሚደመጥ ሰው ናቸው። ቦቢ ውሻችን ነው። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱን የሠራሁትም እኔው ነኝ።

ሥራዬ ብየዳ ነው። ጎፋ ውስጥ የብረት በርና መስኮት እሠራለሁ። ትምህርት ቤት በር ሠርቼ ገጥሜያለሁ እንጂ ተምሬበት አላውቅም። ፊደል ያስተማረኝ ትራንስፎርመር ነው። በወጣትነቴ ብረት ተሸካሚ ሳለሁ በምንሠራበት ግቢ ጥግ አንድ ቆሞ ነበር፤ ላዩ ላይ የራስ ቅልና የተጣመሩ አጥንቶች ተስለው፣ ከሥራቸው በቀይ ቀለም አንድ ቃል ተጽፏል። ምሳ ሰዓት ላይ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ቂጣዬን እየገመጥኩ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀምኳቸው፤ አ፣ ደ፣ ገ፣ ኛ። ማንም ሳይረዳኝ ያነበብኩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ሌላው ልጅ ከፊደል ገበታ ጋር ሲተዋወቅ እኔ ከራስ ቅል ጋር ተዋወቅሁ።

ስለዚህ ይህን ቃል አከብረዋለሁ። አደጋ ድንገት የሚደርስ ነገር ነው፤ አደገኛ ደግሞ አደጋውን ይዞ የሚጠብቅህ ነው። እሳት ሁልጊዜ አደገኛ አይደለም፤ እሳት አጠገብ የተቀመጠ ነዳጅ ግን አደገኛ ነው። ይህን የሚያህል ትርጉም የተሸከመን ቃል ዛሬ ሰው እንዴት እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «አደገኛ ጎል አገባ!» ይላል። የአስካለ እህት የቀሚስ ጥልፍ አይታ «አደገኛ ነው!» ትላለች። ልብስ ሻጩ «አደገኛ ቅናሽ» ብሎ ይለጥፋል፤ እሱስ እንኳ ጨርቁን ላየው ሰው እውነት አለው። ቤዛማ አንድ ቀን ከቤት ስወጣ «አባዬ፣ አደገኛ ሸሚዝ!» አለችኝ፤ የብየዳ ፍንጣሪ ይዞት መስሎኝ ደረቴን በጥፊ እየመታሁ ሁለት ቁልፍ በጠስኩ።

«እያደነቅኩህ እኮ ነው» አለችኝ።

«ስታደንቂ ‹ያምራል› በይ። ውኃ የሚቀዳበት ጣሳ አለ፣ ቆሻሻ የሚጣልበት ባልዲ አለ። ቃልም እንደዚያው ነው» አልኳት።

«ዋው፣ አባዬ፣ አደገኛ አባባል!» ብላኝ ሄደች።

ነገሩ የተጀመረው ከኛ ቤት ሁለት በር አልፎ ካለ ግቢ የውኃ ቆጣሪ የተሰረቀ ዕለት ነው። አስካለ ያን ቀን እንደኔ አልተቆጣችም፤ እሷ ነገር ስታስብ ነጠላዋን ታጣጥፋለች። አጣጥፋ ስትጨርስ «በራችን ላይ ‹አደገኛ ውሻ አለ› ብለህ ጻፍ» አለችኝ።

«የት ነው ያለው?»

«ቦቢ ምንድነው? ጥንቸል ነው?»

ቦቢን ላስረዳችሁ። ቦቢ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ ውሻ ነው። ሲርበው ያዛጋል፣ ሲጠግብም ያዛጋል። የሰፈር ድመት ከሳህኑ ስትበላ እስክትጨርስ ዞር ብሎ ይጠብቃታል፤ አስተዳደጉ ጥሩ ነው። ሲጮህ የሰማሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ሕልም እያየ።

«አስካለ፣ እኔ ውሸት አልጽፍም። ያውም በብረት» አልኩ።

«ውሸት አይደለም፣ ማስጠንቀቂያ ነው።»

«ማስጠንቀቂያ እውነት ካልሆነ ውሸት ነው።»

ክርክራችንን ሸምሱ ከሱቁ ሆኖ ይሰማ ነበር። ከሱቁ ዕቃዎች ሁሉ በነጻ የሚያገኘው የኛን ቤት ክርክር ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ለምን አይፈትኑትም? ሰው አጥር ሲዘል ይታያል፤ ከነከሰ አደገኛ ነው፣ ካልነከሰ አይደለም። ወላሂ ቀላል ነው» አለ።

እውነት ነው ብዬ ራሱ ሸምሱን አዘለልኩት። ቦቢ ሮጦ መጥቶ እጁን ላሰው። ለካ ሸምሱ በየቀኑ የብስኩት ፍርፋሪ ይሰጠው ኖሯል፤ ሌባ ሳይሆን ወዳጅ ነው ያዘለልኩት። ፈተና የማያውቁትን ሰው ይፈልጋል። ማንን ላምጣ? የሰው ልጅ በውሻ እንዲነከስ ለመለመን ፊት የለኝም። ሰውን በማታስገባበት ቦታ ራስህ ግባ ብዬ የብየዳ ጭምብሌን አጠለቅሁ፣ የዝናብ ካፖርቴን ገለባብጬ ለበስኩና በጓሮ በኩል የገዛ ግቢዬን አጥር ዘለልኩ።

መሬት ሳልደርስ ነከሰኝ።

የነከሰኝ ቦታ ላይ ብዙ አላብራራም፤ ወንበር ላይ ስቀመጥ የሚሠራው ክፍል ነው። ሸምሱ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ነከሰ! ነከሰ! አልሐምዱሊላህ፣ ነከሰ!» እያለ ያጨበጭባል። አስካለ ራሷን ይዛ ትጮሃለች። እኔ ግን፣ ሐቁን ልናገር፣ ደሜ እየፈሰሰ ደስ አለኝ። አሁን ቃሉን በንጹሕ ኅሊና መጻፍ እችላለሁ።

ጤና ጣቢያ ስደርስ ሲስተሯ ብዕሯን አንስታ ጠየቀችኝ።

«ውሻው የማን ነው?»

«የኔ።»

«የራስዎ ውሻ ለምን ነከሰዎት?»

«ሌባ መስዬው።»

«ለምን ሌባ መሰሉት?»

«ሌባ መስዬ በአጥር ስለገባሁ።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «አባቴ፣ አጥር የሚዘሉት በምን ምክንያት ነው?»

«አንድ ቃል እውነት መሆኑን ላረጋግጥ» አልኳት። መርፌውን ለነከሰኝ ውሻ የተዘጋጀ ይመስል በሙሉ ኃይሏ ወጋችኝ። ቀጠሮ ሰጥታኝ፣ በቀጠሮው ተመልሼ፣ ደግሞ በቀጠሮው ተመልሼ ተወጋሁ።

ሲሻለኝ ሥራ ጀመርኩ። ሌላው ሰው በቀለም ይጽፋል፣ ሲዘንብበት ይጠፋል። እኔ ፊደሎቹን ከወፍራም ላሜራ ቆርጬ፣ ጠርዛቸውን ሞርጄ፣ በሩ ላይ አንድ በአንድ በየድኳቸው። ቀይ ቀለም ቀባኋቸው። «አደገኛ ውሻ አለ»። ከመንገዱ ማዶ ይነበባል። ሸምሱ አይቶ «ጋሼ፣ ይሄ የውሻ አይደለም፣ የመንግሥት ነው የሚመስለው» አለኝ፤ ምስጋና አድርጌ ወሰድኩት።

ሌባ መጣ ወይ? አልመጣም። ከዚያ በፊትም አልመጣም ነበር። ሌላው ሰው ግን መምጣቱን ተወ። ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ በሩ ጋ አልደርስም ብሎ ከሸምሱ ሱቅ ሆኖ «ስንት ይላል?» እያለ ይጮሃል፤ እኔ ከውስጥ ቁጥሩን እየጮህኩ እነግረዋለሁ፤ ደግነቱ ሐቀኛ ሰው ገጥሞታል። የዕድር ጥሪ የሚያደርሱት ሰውዬ ወረቀቱን በአጥር ወረወሩት፤ ቦቢ በላው፤ እኔ ስብሰባ ቀረህ ተብዬ ተቀጣሁ። አንድ ወጣት ደግሞ ከፉሪ ድረስ ሴት ውሻ በገመድ ጎትቶ መጣ። «ፋዘር፣ አደገኛ ዘር አለ ብለውኝ ነው» አለ። ቦቢን ሳሳየው ቦቢ አዛጋ። ልጁ እኔንና ውሻውን እያፈራረቀ አይቶ «እሱ አባቱ ነው? ልጁ የታለ?» አለኝ።

እኔ ይህን ሁሉ የቃሉ ክብር ነው ብዬ ቻልኩት። ሰው ‹አደገኛ› የሚለውን አንብቦ ሲቆም ደስ ይለኝ ነበር። ቢያንስ በእኛ በር ላይ ቃሉ ሥራውን ይሠራል አልኩ። ሠራ።

በእሁድ የናሆም ሽማግሌዎች እንደሚመጡ አስካለ ነገረችኝ። ቤዛ ለእናቷ፣ እናቷ ለኔ፤ ደንቡ ይኸው ነው። እኔም እንደማላውቅ ሆኜ ተዘጋጀሁ። ሱፌን ለበስኩ። አስካለ ሁለት ዶሮ ይዛ ጓሮ ወጥ ቤት ገባች፤ ክዳን ሲጋጭ፣ ዘይት ሲንጫጫ፣ ከዚያ የሚሰማ ሌላ ድምፅ የለም። ቤዛ ሦስት ጊዜ ልብስ ቀየረች። እኔ «በሽማግሌ ፊት ስልክ አይጮህም» ብዬ የሁሉንም ስልክ ሰብስቤ፣ አጥፍቼ፣ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

«አባዬ፣ በር ላይ ሆነህ ብትጠብቃቸውስ?» አለች ቤዛ።

«ሴት ልጅ ያለው አባት በር ላይ ተገትሮ አይጠብቅም። ሊሸጣት የቸኮለ ይመስላል። እነሱ ያንኳኳሉ፣ እናትሽ ትከፍታለች፣ እኔ ተቀምጬ እገኛለሁ።»

ተቀምጬ ነበርኩ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጀምሮ በአንድ ጎኔ ተቀምጬ (ሌላው ጎን ገና አልዳነም ነበር) ፊቴን አኮሳትሬ ጠበቅሁ። ማንም አላንኳኳም። ዶሮው በሰለ። ማንም አላንኳኳም። ዶሮው ከአጥንቱ ተለያየ። ቤዛ መስኮቱን ትታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጥፍሯን ማየት ጀመረች። ልጄ ጥፍሯን ስታይ እንባዋን እየያዘች ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሁላችንም ብድግ አልን። ሸምሱ ነበር፤ ፊቱ ደስታ በደስታ።

«ጋሼ፣ እንግዶችዎ ሄዱ።»

«የት ሄዱ? መቼ መጡ?»

«ጠዋት ነው እንጂ የመጡት! አራት ሽማግሌዎች፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው። በሩ ጋ ደረሱ፣ አነበቡ፣ ወደ ኋላ መለስ አሉ። ውሻው እንዳይነሳ በለሆሳስ ‹ኧረ የዚህ ቤት!› ብለው ተጣሩ፣ ማንም አልሰማም። አንደኛው ‹ውሻው እኮ አይጮህም› አሉ። ሌላኛው ‹የማይጮህ ነው የሚነክሰው› አሉ። ስልክ ደወሉ፣ ዝግ ነው። ከዛ ሱቄ መጥተው ጠየቁኝ። እኔም አላህ ያሳያችሁ፣ ዝም ብዬ ሰው አላስበላም! ‹አባቶቼ፣ እንዳትገቡ! ይሄ ውሻ ባለቤቱን ራሱን ነው የነከሰው፣ በዓይኔ አይቻለሁ› አልኳቸው። ለስላሳ ጋበዝኳቸው፣ ታክሲ አስጠራሁላቸው። አዳንኳቸው፣ ጋሼ!»

ቤዛ ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።  

በኛ ደንብ ሽማግሌ አንዴ ከደጅ ከተመለሰ መመለሱ መልስ ነው። የሴት ልጅ ቤተሰብ ደግሞ ሽማግሌ አያሳድድም። ማታ ላይ ስልኮቹን ስከፍት ናሆም ለቤዛ የላከላት አንድ መልእክት ነበር፤ «አጎቴ ‹አባትየው አልፈለጉንም› እያሉ ነው። ልክ ናቸው?» ይላል። አስካለ አነበበችልኝና ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠች።

«እኔ እኮ ውሻ አለ አልኩ እንጂ አትምጡ አላልኩም» አልኳት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሌባ አያነብም። የሚያነበው ጨዋ ሰው ነው» አለችኝ።

ዕድሜዬን በሙሉ ሳነብ ኖሬ ይህን አንብቤ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ለሽማግሌ ሽማግሌ ላክሁ። እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ ይታወቅ እንደሆነ አላውቅም። የዕድራችንን ሰብሳቢና ሸምሱን ብስራተ ገብርኤል አቶ ደምሴ ቤት ሰደድኳቸው። ሸምሱን የላክሁት ስላጠፋ ነው፤ ባልልከው ደግሞ ሳይላክ ይሄዳል። ሲመለሱ የአቶ ደምሴን ቃል ይዘው መጡ።

«ውሻውን አልፈራሁም አሉ» አለ ሸምሱ። «ባለቤቱን ነው የፈራሁት። ደጁ ላይ ‹አደገኛ› ብሎ በብረት የሚበይድ ሰው ነገ ልጃችን ቢሳሳት ግንባሩ ላይ ምን ይበይድበታል? አሉ። ግን ለልጆቹ ሲባል እንመጣለን። አንድ ነገር ብቻ፣ አባትየው ራሱ በር ላይ ቆሞ ይቀበለን አሉ።»

«ሌላው ሁሉ ይሁን፣ በር ላይ ግን...» ብዬ ጀመርኩ። ቤዛ ከክፍሏ ወጥታ ቆማ ነበር። ያየችኝ አስተያየት ከመርፌው ይብሳል። «እሺ» አልኩ።

አሁን ጽሑፉን ማንሳት አለብኝ። መጀመሪያ ጥቁር ቀለም ቀባሁት፤ ፊደሎቹ ጎልተው የወጡ ስለሆኑ ጥቁር ሲሆኑ ይበልጥ አስፈሩ፤ አሁን የሞተ ሰው ያለበት ቤት መሰለ። አስካለ «መጨረሻው ላይ ‹ነበረ› ብለህ ጨምርበት» አለችኝ። ሸምሱ «ፎጣ ይንጠልጠልበት» አለ። ሁሉንም ንቄ እሁድ ጠዋት በማሽን ልቆርጠው ተነሳሁ፤ ማሽኑን ስሰካ መብራት ጠፋ። በመሮ ሞከርኩ። የገዛ ብየዳዬ እንቢ አለኝ። ለሠላሳ ዓመት ለደንበኛ «የኔ ብየዳ ሰው ቢሞት አይለቅም» እያልኩ ፎክሬያለሁ፤ ያን ቀን ፉከራዬ እውነት መሆኑን ሳይ የምገባበት ጠፋኝ።

ሰዓቱ ደረሰ። «ሸምሱ፣ በሩን ነቅለን እናውርደው!» አልኩ።

በሩን ከማጠፊያው አነሳነው። ከባድ ነው፤ እኔ የሠራሁት ነው። መንገዱን አቋርጠን ጽሑፉን ወደ ግድግዳ አዙረን የሸምሱ ሱቅ ጎን ልናስደግፈው ስንል እጄ ከዳኝና በሩ የለስላሳ ሳጥኖቹ ላይ ተዘረጋ። ከተሰበረው ይልቅ ያልተሰበረውን መቁጠር ይቀላል። ሸምሱ ዓይኑን ጨፍኖ «ኢና ሊላሂ» አለ። ልብሱ ሁሉ ብርቱካን ሆነ።

ልቅሶ ለመድረስ ጊዜ አልነበረኝም። ታክሲው መጣ። ባዶ በሆነው መግቢያ ላይ ሄጄ ቆምኩ። ሴት ልጅ ያለው አባት በር ላይ አይገተርም ያልኩት ሰውዬ፣ በር እንኳ ሳይኖረኝ ተገትሬ ተገኘሁ፤ እኔው ራሴ በሩ ሆንኩ። ወደ ኋላ ዞር ስል ቤዛ መስኮት ላይ ናት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ እየሳቀች ነበር፤ ከዚያ እሁድ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ቀና ብዬ ቆምኩ።

«እንደምን ዋሉ፣ አቶ ደምሴ። ቤት ለእንግዳ» አልኩ።

አቶ ደምሴ ባዶውን መግቢያ፣ እኔን፣ ከዚያ ማዶ ብርቱካን የለበሰውን ሸምሱን አዩ። «በሩ የት ሄደ?»

«ለእናንተ ክብር ነቀልነው።»

«እንዲህ ነው እንጂ ሰው መቀበል!» ብለው ገቡ።

በደንቡ መሠረት አራቱም ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ። ልጃችሁን ለልጃችን፣ ቤታችሁን ለቤታችን አሉ። እኔም በደንቡ መሠረት ጉሮሮዬን ጠራረግሁ፣ ዘር ጠየቅሁ፣ ጣራውን አየሁ፣ አስካለን አየሁ። ከዚያ «ሰጥተናል፤ ተቀመጡ» አልኩ። ሦስቱ ተቀመጡ። አቶ ደምሴ ቆመው ቀሩ።

«ይቀመጡ እንጂ።»

ዓይናቸውን ወደ እግራቸው ጣሉ።

«ያልጨረሱት ነገር አለ?»

«መቀመጥ አልችልም» አሉ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ።

«ቅር ያለዎት ነገር ካለ...»

«ውሻው እግሬ ላይ ተኝቷል።»

በግርግሩ ቦቢን ማሰር ረስተናል። ሁለቱን ጫማቸውን ተንተርሶ ያንኮራፋል። ቤዛ ዘላ መጥታ ስትጎትተው ነቃ፣ አቶ ደምሴን ቀና ብሎ አየና አዛጋ።

«አደገኛው ይሄ ነው?» አሉ አቶ ደምሴ።

«ይሄ ነው። ነክሶኛል። ለዚያውም ለብሼ የገባሁት...» ብዬ ስለ ጭምብሉ፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ መርፌው ከነቦታው ሁሉንም ነገርኳቸው። መዋሸት አልችልም። አቶ ደምሴ ወንበሩን ይዘው ሳቁ፤ ሲስቁ ተቀመጡ፤ ተቀምጠውም አልበቃቸውም። «ሠላሳ ዓመት መንገድ ላይ ‹አደገኛ ቁልቁለት› የሚል እያነበብኩ ነድቻለሁ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ቁልቁለቱ አንድም ቀን አልገደለኝም። ሌላ መኪና ደርቦ የሚመጣው ሰው ነው የሚያስፈራው። እርስዎን ደርቦ ከሚመጣው ቆጥሬዎት ነበር፤ የለም፣ ከቁልቁለቱ ነዎት።»

እኔ ለልጄ ምክር እሰጣለሁ፣ ምክር አልቀበልም። ይህን ግን ተቀበልኩ። ቃልን በቦታው ማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ ግን ቦታው ሰው የሚገባበት በር መሆን የለበትም። በጎም ነገር በዚያው ነው የሚመጣው፤ ለሽማግሌ ሌላ በር የለንም።

ከምሳ በኋላ አቶ ደምሴ «አሁን ዘመድ ነን፤ ጉዳቱን እንካፈል» ብለው ወጪውን አስካለ እንድትደምር ጠየቁ። አስካለ በጣቷ ቆጠረች፤ የመርፌው፣ የዕድሩ ቅጣት፣ የላሜራውና የሁለቱ ቀለም፣ ያለ እንግዳ የተበላው ዶሮና ከእንግዳ ጋር የተበላው ዶሮ፣ የሁለት እሁድ ታክሲ። ሸምሱ ከደጅ ሆኖ «ጠርሙሱንም፣ እህቴ! የጋበዝኳቸው ለስላሳ ግን በነጻ ነው!» አለ። ግማሹን እነሱ ግማሹን እኛ እንድንከፍል ተስማማን፤ ከኛ ግማሽ የቤዛን ድርሻ ናሆም ይከፍላል አሉ አቶ ደምሴ፣ ቤዛ ግን የራሴን ራሴ እከፍላለሁ አለች። ድምሩ ሃያ ስድስት ሺህ አራት መቶ ብር ሆነ።